ግማሽ ዋት ይበቃዋል

የሰው ልጅ ከዋሻ ወጥቶ ቤት መሥራት ከጀመረ ወዲህ ካከናወናቸው ታላላቅ ተግባራት መካከል፣ በገዳሪፍ ከተማ ከእህል ገበያው ጀርባ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ፣ አንድን ባለ አምፖል አምፕሊፋየር ከሚመጥነው ስፒከር ጋር የማጣመሩ ሥራ እስካሁን በሚገባው ልክ አልተወራለትም። ይህ ቸልታ መታረም አለበት። ሥራው አሥራ አንድ ወር ፈጅቷል፤ አንድ ፍሪጅ ሥራ ፈት አድርጓል፤ ባለ ሦስት አባል ኮሚቴ አቋቁሟል። በዚሁ ጊዜ አንዲት ሴት የሟች እናቷን ድምፅ ለመስማት በገዛ ቤቷ አሥራ አንድ ወር ደጅ ጠንታለች። ታላቅ ሥራ ያለ መሥዋዕትነት አይሆንምና ይህን የመጨረሻውን እንደ ቀላል ማለፍ ይገባል።

የሥራው ባለቤት አያ ባንታምላክ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በገዳሪፍ ገበያ ሰሊጥ የመዘነ ሰው ነው፤ ሱዳኑም ሐበሻውም በሚዛኑ ይምላል። ጆንያ ሲሰቀል ትንፋሹን ይይዛል ይባላል፣ ትንፋሹ ሚዛኑን እንዳያዛባው። እንዲህ ያለ ሰው ጉልበቱ ደክሞ ቤት ሲውል ያ ሁሉ ጥንቃቄው አብሮት ቤት ይገባል። የሚመዘን ሰሊጥ ሲያጣ ሌላ የሚመዘን ነገር መፈለጉ አይቀርም። እሱ ድምፅን መረጠ።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ነሐሴ ነው። ሚስቱ ዙፋን የማድቤቱ ጣሪያ አፍስሶ ጓዳ ድረስ የገባውን ውሃ ስትጠርግ የረጠበውን ሣጥን ከፈተች። ከሣጥኑ ሥር፣ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ካሴት አገኘች። ድሮ ስልክ እንዲህ እንደ አሸን ሳይፈላ፣ ከመተማ ወዲያ ያሉ ዘመዶች ደብዳቤ በመጻፍ ፈንታ ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው ለሰሊጥ አጨዳ በሚሻገር ሰው እጅ ይልኩ ነበር። ባዶ ካሴት ስለማይገኝ የዘፈን ካሴት ላይ ይቀዳል። የዘመድ ሰላምታ ሲያልቅ ድንገት ክራር የሚመጣው ለዚህ ነው። ይህ ካሴት የዙፋን እናት እመት እናትነሽ ከጭልጋ የላኩት ነው። ከመጣ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። ያኔ ጎረቤት ተሰብስቦ አንድ ጊዜ ሰማው፤ ማጫወቻው ብዙም ሳይቆይ ተበላሸ፤ በዓመቱ እመት እናትነሽ ዐረፉ። ዙፋን ለቀብር አልደረሰችም።

«ባንታምላክ» አለች ካሴቱን በቀሚሷ እየጠረገች፣ «አንድ ማጫወቻ ፈልግልኝ። የናቴን ድምፅ አንዴ ልስማው።»

ባንታምላክ ካሴቱን ተቀብሎ በመዳፉ መዘነው።

«ይሄማ በማንም ማጫወቻ አይሰማም» አለ። «እንዲህ ያለ ድምፅ የሚመጥነው መሣሪያ ይፈልጋል። አደራውን ለኔ ተይው።»

አደራውንም የሚዛን ድንጋዮቹን ከሚያኖርበት የእንጨት ሣጥን ውስጥ ከቶ ቆለፈው። ቁልፉን አንገቱ ላይ አሠረው። ዙፋን ሰውየው ለእናቷ ድምፅ ይህን ያህል ክብር መስጠቱ ልቧን ነካት። ሳምንት ቢፈጅ ነው ብላም አሰበች።

በኅዳር ወር፣ ከኻርቱም ሸሽተው ገዳሪፍ የተጠጉ አንድ ሽማግሌ ይዘውት የመጡትን የቤት ዕቃ ሲሸጡ ባንታምላክ በዚያ ሲያልፍ ነበር። ከዕቃው መካከል ከነካሴት ማጫወቻው የተቀመጠ አምፕሊፋየር ነበር። ከላዩ እንደ ዘመናችን ዕቃ በክዳን የተሸፈነ ሳይሆን አራት የመስታወት አምፖሎች ራቁታቸውን ቆመውበታል፤ ሲበራ እንደ ፍም ይቀላሉ። ሽማግሌው ልጃቸውን ለባል የሚሰጡ ይመስል ባንታምላክን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ስምንት ዋት ብቻ ናት» አሉት። «ድምፅዋ ግን ሙቀት አለው። የሚሰማት ስፒከር ፈልግላት፤ አለዚያ ትሞትብሃለች።»

ድምፅዋ ሙቀት አለው መባሉ ባንታምላክን አስደሰተው። በገዳሪፍ ከግማሽ ዓመት በላይ ዶሮ በጥላ ሥር አፏን ከፍታ ነው የምትውለው፤ ከተማው ካለው ሁሉ የጎደለው ሙቀት መሆኑን እስከዚያ ቀን ያስተዋለ ሰው አልነበረም።

ቤት ወስዶ ለሠርግ ይከራዩ ከነበሩት ሁለት ቁም ሣጥን አከል ጥቁር ስፒከሮቹ ጋር አገናኘው። አምፖሎቹ ቀሉ። ክፍሉ ሞቀ። ከስፒከሮቹ የወጣው ድምፅ ግን ንስሐ የሚገባ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር፤ ጆሮ አስጠግቶ ካልሆነ አይሰማም። ሌላ ሰው ቢሆን ተበላሽቷል ብሎ ይተወው ነበር። ባንታምላክ ግን መጠነ ሰፊ ጥናት አካሄደ። ጥናቱ በስልኩ ላይ በጀርባው ተንጋልሎ የተካሄደ ሲሆን ሦስት ወር ወስዷል።

በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ ተነሥቶ ተቀመጠ።

«ዙፋን፣ ገባኝ!»

ዙፋን ከማሽላ ላይ ጠጠር ትለቅማለች።

«ጥፋቱ የአምፕሊፋየሩ አይደለም፤ የስፒከሮቹ ነው። ሰነፎች ናቸው። አንድ ዋት ስትሰጫቸው የሚመልሱት ሰማንያ አራት ዴሲቤል ነው። ዴሲቤል ማለት ለተሰጠው ጉልበት የሚመልሰው ጩኸት ነው፤ ገባሽ? አፉ እንደ መለከት የተከፈተ ቀንድ የሚሉት ስፒከር አለ፤ እሱ መቶ አራት ይመልሳል። በሃያ ቢበልጥ ምን አለ ትያለሽ። ስሌቱ እንደ ሰሊጥ አይደለም! ሃያ ዴሲቤል ማለት መቶ እጥፍ ጉልበት ነው። እነዚህ በመቶ ዋት የሚያወጡትን ያ በአንድ ዋት ያወጣዋል።»

«ባንድ ዋት» አለች ዙፋን ጠጠር እየጣለች።

«ምን አንድ አለሽ! ሰፈር ለማሰማት ግማሽ ዋት ይበቃዋል። ሽቦውም ሁለት ነው፤ ቀዩን ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ። በቃ።»

«ግማሽ ዋት። ሁለት ሽቦ» አለች ዙፋን። ቀጥላም በዚያው ድምፅ «የማድቤቱ ጣሪያስ?» አለችው።

«እ?»

«ጣሪያው።»

«እሱን ተይው፤ ክረምት ገና ነው።»

ኮሚቴው በኋላ ይህን ውይይት በቃለ ጉባኤው አላሰፈረውም። የቤት ውስጥ ወሬ ነው ተብሎ ተገምቷል።

ስለ ጣሪያው ከተነሣ አይቀር አንድ ነገር ይባል። የዙፋን ማድቤት ጣሪያ ከአንድ መንግሥት ዕድሜ በላይ ያፈሰሰ ጣሪያ ነው። በየክረምቱ በላስቲክ ይለበጣል፣ በየክረምቱ ላስቲኩን ነፋስ ይወስደዋል፤ ዙፋንም በየክረምቱ በትንሿ ድምፅዋ «ጣሪያው» ትላለች። ጮኻ ተናግራ አታውቅም። ባንታምላክን ቸልተኛ ማለት ግን ግፍ ነው፤ በግንቦት ወር ሁለት አዲስ ቆርቆሮ ገዝቶ ከማድቤቱ ግድግዳ ጋር አስደግፎ አቁሟል። ዙፋን ቆርቆሮዎቹን ስታያቸው ደስ ብሏት በእጇ ዳበሰቻቸው።

በዚያው ሳምንት ዳምጤ መጣ። ዳምጤ በፋሽጋ ሃያ ዓመት ትራክተር ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ የግራ ጆሮውን ትራክተሩ በልቶታል።

«አያ ባንታምላክ» አለ፣ «አፉ የሰፋ ቀንድ ነው የምትፈልገው አሉ? መፋዛ ስሄድ አይቻለሁ። አንድ ገበሬ ማሽላ ወደ ጆንያ ያንቆረቁርበታል። የድሮ ሲኒማ ቤት ዕቃ ነው አሉ፤ ሲኒማው ሲፈርስ ነው ያገኘው።»

በማግሥቱ ሁለቱ በሎሪ ተሳፍረው መፋዛ ወረዱ። ነገሩ እውነት ነበር። አፉ ክንድ ከሥንዝር የሚሰፋ ቀንድ በሁለት እንጨት መካከል ተንጠልጥሎ ማሽላ ይወርድበታል። የድምፁ እምብርት የሆነው ጥቁር ድብልብል ተፈትቶ በጎተራው ማዕዘን ላይ የበር ማስደገፊያ ሆኗል። ባንታምላክ ድብልብሉን አገላብጦ ሲያየው ጀርባው ላይ አሥራ ስድስት የሚል ቁጥር አነበበ፤ ስፒከር ከአምፕሊፋየር ጋር የሚገጥምበት ልክ ነው። የሱ አምፕሊፋየርም ጀርባው ላይ አሥራ ስድስት የሚል ቀዳዳ አለው። ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል የሚለው ተረት እውነት መሆኑን ያኔ አመነ፤ ለራሱ ጋብቻ እንኳ እንዲህ አስቦበት አያውቅም ነበር።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ይሄ እኮ ማንቆርቆሪያየ ነው» አለ ገበሬው፣ አማርኛውን ከአጫጆች የለመደ ሱዳናዊ። «እናንተ ብትወስዱት ዱራውን በምን ልቀዳው?»

«ሁለቱን ትልልቅ ስፒከሮች እሰጥሃለሁ፤ ለልጅህ ሠርግ።»

«ስፒከር ዱራ ይቀዳል?»

አይቀዳም። በዚህ ነጥብ ላይ ገበሬው የማይነቃነቅ አቋም ያዘ። ድርድሩ ከረፋድ እስከ ቀትር ቆይቶ በሁለቱ ወገኖች መግባባት ተጠናቀቀ፤ ባንታምላክ ስፒከሮቹን ይሰጣል፣ በተጨማሪም ከአዲስ ቆርቆሮ የተሠራ ማንቆርቆሪያ ያስረክባል። «ኸላስ፣ ተማም» ብሎ ገበሬው እጁን መታ።

አዲስ ቆርቆሮ የት እንዳለ አንባቢ አይጠፋውም።

ዙፋን ከገበያ ስትመለስ የማድቤቱ ግድግዳ ባዶውን ነበር። በረንዳው ላይ ደግሞ አንድ ግዙፍ ቀንድ አፉን ወደ ግቢው ከፍቶ ተቀምጧል፤ ወደ ቤት እንዳይገባ በሩ ጠቦት ነው።

«ቆርቆሮዎቹስ?» አለች።

«ለበለጠ ዓላማ ዋሉ» አላት። «ለማን ብየ ነው? ለናትሽ ድምፅ ነው እኮ!»

ዙፋን ዝም አለች። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ በዚያ ቤት የተከማቸው ወርቅ ቢመዘን ስንት ቁንጣር እንደሚሆን ባንታምላክ አልመዘነውም።

ቀጥሎ የኃይል ጉዳይ መጣ። መብራት በገዳሪፍ እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ ሲመጣ ደስ ይላል፣ ሲሄድ አይሰናበትም። ስለዚህ ግቢው የሚኖረው በሶላርና በአንድ ባትሪ ነው። አምፕሊፋየሩ ስምንት ዋት ድምፅ ለማውጣት መቶ ሃምሳ ዋት ይበላል፤ የቀረውን በሙቀት ይመልሳል። ባትሪው እሱንና ፍሪጁን አንድ ላይ ሊሸከም አልቻለም። ባንታምላክ ጉዳዩን ከሁሉም አቅጣጫ ከመረመረ በኋላ ፍሪጁን ነቀለው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቱ ለእንግዳ የሚያቀርበው ቀይ የከርከዴ መጠጥ ለብ ያለ ነበር።

አሁን የቀረው ማረጋገጥ ነው። የገዳሪፍ ሐበሻ ያለ ኮሚቴ ድንኳን እንኳ አይተክልም። ስለዚህ «የድምፅ ተዛማጅነት አረጋጋጭ ኮሚቴ» በሦስት አባላት ተቋቋመ። ሰብሳቢና ጸሐፊ ገብረሊባኖስ ሆነ፤ ከተከዜ ማዶ መጥቶ እዚህ ያረጀ ልብስ ሰፊ ነው፣ ቃለ ጉባኤ ሲጽፍ እንደ ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው። ሁለተኛው ሱለይማን ነው፤ የሰሊጥ ደላላ፣ ዐይኑን ጨፍኖ የሰሊጥን ዓይነት በማሽተት የሚለይ፣ ስለዚህ ድምፅም እንደዚሁ ይለያል ተብሎ የታመነ። ሦስተኛው ዳምጤ ነው። አንድ ጆሮ ብቻ ያለው ሰው ወደ ሁለት ወገን አያዳላም በሚል በሙሉ ድምፅ ተመረጠ።

ኮሚቴው አምስት ጊዜ ተሰብስቦ አምስት ጊዜ የክራር ካሴት ሰማ።

«ሽቦው ቀጥኗል» አለ በሁለተኛው ስብሰባ ሱለይማን፣ ዐይኑን ጨፍኖ። «ክሩ ይሰማኛል፣ ጣቱ አይሰማኝም።»

«ሓቁን ነው፤ ጣቱ የለም» አለ ገብረሊባኖስ እየጻፈ።

«እኔ ደግሞ ጣቱን ብቻ ነው የሰማሁ» አለ ዳምጤ።

ሽቦው በወፍራም ተቀየረ። በአራተኛው ስብሰባ ደግሞ ቀንዱ ሦስት ጣት ያህል ወደ ምሥራቅ እንዲዞር ተወሰነ፤ በአምስተኛው ወደ ቦታው ተመለሰ። ከእያንዳንዱ ስብሰባ በኋላ ዙፋን ለብ ያለ ከርከዴ ይዛ ትመጣና ያንኑ ትጠይቃለች።

«የናቴን ካሴት ዛሬ ታሰሙኛላችሁ?»

«ትንሽ ነው የቀረው እታለም» ይላታል ገብረሊባኖስ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

ዙፋን መልቀም አዲስ ነገር አይሆንባትም፤ ከጣሪያው የሚወርደውን ስትለቅም ኖራለች።

በሐምሌ አጋማሽ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ታላቁ ቀን ደረሰ። ኮሚቴው በረንዳው ላይ ተደረደረ። ጎረቤት ራሒማም ተጠርታ መጣች፤ ከዙፋን አጠገብ ተቀመጠችና በጆሮዋ አንድ ነገር ጠይቃ፣ አንድ ነገር ሰምታ፣ ወደ ቤቷ ደርሳ ተመለሰች። ስትመለስ በሻርፗ የተሸፈነ ነገር ይዛ ነበር። ኮሚቴው ትኩረቱን በቴክኒኩ ላይ ስላደረገ ይህን አላስተዋለም።

ገብረሊባኖስ ንግግር አደረገ።

«የተከበርከው አያ ባንታምላክ፣ የተከበራችሁ አባላት፣ እታለም ዙፋን። ዛሬ ስምንት ዋት ከመቶ አራት ዴሲቤል ጋር በፊታችን የሚጋባበት ቀን ነው። ይህ ጋብቻ እንዲሁ በዋዛ የመጣ አይደለም። ባለቤቱ ደክሟል፤ ባለቤቲቱም...» እዚህ ላይ ወረቀቱን አገላበጠ፤ የባለቤቲቱ ነገር አልተጻፈም ነበር። «ባለቤቲቱም በቤት ነበረች።»

ተጨበጨበ። ባንታምላክ አምፕሊፋየሩን አበራው። አምፖሎቹ በሚገባ እንዲሞቁ ግማሽ ሰዓት ያስፈልጋል፤ ለማሟሟቂያ ክራሩ ተደመጠ። በዚህ መካከል ሰማዩ ከመተማ በኩል ጠቆረ። ፀሐይ ከሄደች ሁለት ቀን ሆኗት ነበርና ባትሪው ጠዋቱንም ጤና አልነበረውም። ባንታምላክ ይህን ያውቃል፤ ነገር ግን አምፖሎቹ ገና አልሞቁም። ዝናቡ ጀመረ። ማዶ ካለው ማድቤት፣ ዙፋን ካስቀመጠችው ሣፋ ላይ፣ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ይሰማል።

በመጨረሻ ባንታምላክ ቁልፉን ካንገቱ አውልቆ ሣጥኑን ከፈተ። ካሴቱን በሁለት ጣቱ አንሥቶ ከተተው። ከቀንዱ ውስጥ ሽሽሽ የሚል ድምፅ መጣ። ቀጥሎ ያረጀች ሴት ሳል።

«እህ... እህህ... ዙፋኔ» አለ ቀንዱ።

ዙፋን ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ድምፁ እናቷ በረንዳው ላይ የተቀመጠች ያህል ቅርብ ነበር።

ያኔ የባትሪው ኢንቨርተር ሦስት ጊዜ ጮኸና ጠፋ። አምፖሎቹ ከቀይ ወደ ግራጫ ተመለሱ። ዝናቡና ሣፋው ብቻ ቀሩ።

ባንታምላክ ባለበት ደረቀ። ያፈረበት ጊዜ በሕይወቱ ጥቂት ነው፤ ያኔ ግን ጆሮው ድረስ ጋለ፣ ወደ ዙፋን ማየትም አቃተው።

ኮሚቴው ወዲያው ተመካከረ።

«እስከ ጥቅምት ይተላለፍ» አለ ሱለይማን። «ፀሐይ ኢንሻላህ ትመለሳለች።»

«ለጥቅምት ተቀጥሯል» ብሎ ገብረሊባኖስ ጻፈ።

ዙፋን ከተቀመጠችበት ተነሣች። ካሴቱን ከማጫወቻው አወጣች። የራሒማን ሻርፕ ገለጠች፤ ከሥሩ በደረቅ ባትሪ የምትሠራ ትንሽ ያረጀች ካሴት ማጫወቻ ነበረች። የራሷ ስፒከር ከተቀደደ ዘመን ሆኖታል፤ በፊቷ ላይ ሁለት ሽቦ ተንጠልጥሏል፣ አንዱ ቀይ አንዱ ጥቁር።

«ምን ልታደርጊ ነው? ተይ እንጅ!» አለ ባንታምላክ። «ይቺ እኮ አንድ ዋትም የላት!»

«ግማሽ ዋት ይበቃዋል ያልኸው አንተ አይደለህ?» አለች ዙፋን። የቀንዱን ሽቦዎች ከአምፕሊፋየሩ ነቅላ ቀዩን ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ ጠመዘዘች፤ ካሴቱን ከትታ ትንሽ ወደ ኋላ አጠነጠነችው። «ሁለት ሽቦ ነው ብለሃል።»

ተጫነችው።

«ዙፋኔ» አለ ቀንዱ፣ ግቢው ሙሉ፣ የዝናቡን ድምፅ አልፎ። «እንደምን ሰነበትሽ ልጄ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴ ነው ብቻ። ላሟ ወልዳለች፤ ጥጃዋን ባንቺ ስም ጠራናት፣ እንዳትቆጪ...»

ዙፋን ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ ወረደ። ራሒማ እጇን ያዘቻት።

ሱለይማን ዐይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል። «ይኸው!» አለ በሹክሹክታ። «ሙቀቱ! የአምፖል ሙቀት ማለት ይሄ ነው። በሌላ መሣሪያ አይገኝም።»

«አምፖሉ ጠፍቷል» አለች ራሒማ።

ሱለይማን አንድ ዐይኑን ገልጦ አምፖሎቹን አየ። መልሶ ጨፈነው።

«ቅሪቱ ነው» አለ።

«ቅሪት ሙቀት» ብሎ ገብረሊባኖስ ጻፈ።

እመት እናትነሽ ቀጠሉ። «...ማድቤትሽ ያፈሳል አሉ። ካጨዳ የተመለሱት ልጆች ናቸው የነገሩኝ። ጭስና ዝናም ባንድ ላይ እንዴት ይቻላል ልጄ? አማቼ ባንታምላክ፣ እርስዎን ማዘዝ ነውር ነው። ግን አማች ልጅ ነውና ልድፈር። ያን ሰሊጥ በሚመዝኑበት ዐይንዎ እስቲ አንድ ቀን ወደ ልጄ ማድቤት ቀና ይበሉ። ሁለት ቆርቆሮ ነው።»

ካሴቱ ሽሽሽ አለ። ባንታምላክ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጆንያ የተሰቀለ ይመስል ትንፋሹን ይዟል።

«አይይ... ለማን ነው የምናገር» አሉ እመት እናትነሽ። አንቱታው እዚህ ላይ ቀረ። «ይሄኔ እሱ ሬዲዮኑን ይፈታል። አይሰማኝም። ዙፋኔ፣ እንዳትጮኺበት። የሚሰማ ሰው በሹክሹክታም ይሰማል፤ የማይሰማውን ነጋሪት ቢጎስሙበት አይሰማ። ቀስ ብለሽ ንገሪው። በይ ደኅና ሁኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ።»

ከሥሩ የነበረው ክራር መጣ። ዙፋን አጠፋችው። ማዶ ሣፋው ጠብ ጠብ ይላል፤ በረንዳው ላይ የተቀመጠው ሁሉ ወደ ማድቤቱ ጣሪያ ተመለከተ። ባንታምላክ ብቻ መሬት ያያል።

«መቼ ነው... ይሄን መቼ ነው የተናገሩት?»

«ካሴቱ የመጣ ቀን። ሁላችን ተሰብስበን ስንሰማ አንተ የቤቱ ጣሪያ ላይ ነበርህ። አንቴናውን ስታዞር።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ነገርኩህ እንጅ» አለች ዙፋን። «ሠላሳ ክረምት ነገርኩህ። ቀስ ብለሽ ንገሪው ስላለች ነው፣ ቀስ ብየ።»

ዳምጤ በደኅናው ጆሮ በኩል ዞሮ፣ «እኔ እንኳ ሰምቻለሁ አያ ባንታምላክ» አለ።

ባንታምላክ አማቱን አሰባቸው። በዓመቱ ሞቱ፤ ቃላቸው ግን ይኸው፣ ሳይደርሰው ቤቱ ውስጥ ተኝቶ ኖረ። ኀዘን ተሰማው፤ ሠላሳ ዓመት የዘገየ ኀዘን። ከዚያ እንደ መዛኝ አሰበ። ቀንዱ በግማሽ ዋት እንዲህ ከተናገረ፣ ዙፋንም አንድ ጊዜ ሰምታ ሁለቱን ሽቦ ካልረሳች፣ በዚህ ቤት እንደ ሰነፎቹ ስፒከሮች ሰማንያ አራት ዴሲቤል ሆኖ የኖረው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም።

ኮሚቴው ሥራውን በክብር አጠናቀቀ። የመጨረሻው ቃለ ጉባኤ እንዲህ ይላል፤ «በተደረገው ምርመራ አምፕሊፋየሩም ሆነ ቀንዱ ከጉድለት ነፃ ሆነው ተገኝተዋል። ጉድለቱ የታየው በሰሚው በኩል ስለሆነ ጉዳዩ ለቤቱ ተመርቷል።» ፀሐይ ስትመለስ ፍሪጁ ተሰካ። ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሚቴው ቀዝቃዛ ከርከዴ ጠጣ፤ ይህም የጥናቱ ትልቁ ውጤት መሆኑን ሦስቱም መስክረዋል።

ካሴቱ በተሰማ ማግሥት ዝናቡ ቆም ሲል ባንታምላክ ሁለት ቆርቆሮ ገዝቶ መጣ። መሰላል አቁሞ ማድቤቱ ላይ ወጣ። ዙፋን ከታች ምስማር ታቀብለዋለች። አንዱን ቆርቆሮ ዘርግቶ ምስማሩን አስጠጋ፤ ከዚያ እጁ ቆም አለ። ምስማሩን አንሥቶ ወደ ብርሃን አየው። ቆርቆሮውን በጥፍሩ መታ መታ አድርጎ ጆሮውን ደገነ።

«ዙፋን» አለ፣ «የዚህ ቆርቆሮ ውፍረትና የምስማሩ ራስ አይመጣጠኑም። የጣሪያው ቁልቁለትም ከሁለቱ ጋር መጠናት አለበት። እንዲሁ በዘፈቀደ ከሚመታ እነገብረሊባኖስን ብንጠራና...»

ዙፋን ምስማሩን መሬት አስቀምጣ ወደ በረንዳው ሄደች። ቀንዱን በሁለት እጇ አቅፋ አፉን ወደ ማድቤቱ ጣሪያ አዞረችው። የራሒማን ማጫወቻ ትንሽ ወደ ኋላ አጠነጠነችና ተጫነችው።

«ሁለት ቆርቆሮ ነው» አሉ እመት እናትነሽ።

ባንታምላክ መዶሻውን አነሣ።